አልወፍርም ያለችው ሕዋስ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ይቺ ተረት ሩቅ አገር አይደለችም፣ እዚሁ ደሴ፣ እልፍነሽ ማህፀን ውስጥ ናት። እልፍነሽ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ዳኛቸውን ካገባች ጀምሮ ልጅ ትለምናለች።

አንድ ቀን ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ጽንስ ማህፀኗ ደረሰች። የፈለገችው ማደሪያ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሕዋስ አስጠጊኝ አለቻት። ሕዋሷ ግን እንደ ክር ቀጥናለች። እንግዳ የምታሳድር ሕዋስ ዓይነቷን ትለውጣለች፤ ትወፍራለች፣ ትድቦለቦላለች፣ ስንቅ ትይዛለች። “ፕሮጄስትሮን የሚባለው መልእክት በደንብ ሳይደርሰኝ አልወፍርም” አለች። ሕዋሷ አልወፍርም፣ ጽንሷም ደጅ ቆማ።

መልእክቱን የሚልከው ቢጫው እጢ ነው፤ ጽንሷ የተገኘችባት እንቁላል ወጥታ ከሄደች በኋላ ቦታዋ ላይ የቀረው። አንጎል ሥር ያለው አለቃዬ ካላዘዘኝ አልልክም አለ። እጢው አልልክም፣ ሕዋሷ አልወፍርም፣ ጽንሷም ደጅ ቆማ።

አለቃው ደግሞ፣ ሴትዮዋ ጦሟን እየዋለች በየትኛው ጉልበቴ ልዘዝ አለ። አለቃው አላዝም፣ እጢው አልልክም፣ ሕዋሷ አልወፍርም፣ ጽንሷም ደጅ ቆማ።

እልፍነሽ ለካ ሱባኤ ይዛለች። ልጅ ስጠኝ እያለች እስኪመሽ እህል አትቀምስም፤ ሲመሽም ጥቂት ቆሎ ነው። ዳኛቸው “ነጠላሽ ብቻውን የሚሄድ መሰለ እኮ” አላት። እሷ ግን የንስሐ አባቷ መምሬ ጥላዬ ካልፈቷት ወይ ፍንክች። እልፍነሽ አልበላም፣ አለቃው አላዝም፣ እጢው አልልክም፣ ሕዋሷ አልወፍርም፣ ጽንሷም ደጅ ቆማ። ደጅ ደግሞ ብዙ አያስቆምም፤ ማደሪያ ያጣች ጽንስ ታልፋለች።

ዳኛቸው መምሬን ይዟቸው ከተፍ አለ። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

“ልጄ፣ እኔ እስከ ስድስት ሰዓት አልኩሽ። እስኪመሽ ማን አለሽ?”

“ራሴ ጨመርኩበት አባቴ። ቶሎ እንዲሰማኝ ብዬ።”

“እንግዳ እየለመንሽ ጓዳሽን ታራግፊያለሽ? እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ ብዪ።”

በላች። በላች ስላችሁ፣ የቀረበላትን ሽሮ ጠራርጋ ወደ ዳኛቸው ሳህን ዞረች፤ እሱም ገፋ አደረገላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆማል! መምሬ ፈቱ፣ እልፍነሽ በላች፣ አለቃው አዘዘ፣ እጢው ላከ፣ ሕዋሷ ወፈረች፣ ተድቦለቦለች፣ ስንቋን ሞላች፤ ጎረቤት ሕዋሶቿም ተከተሏት።

“አሁን ግቢ” አለቻት ሕዋሷ ጽንሷን፣ “በሩን እኔ እዘጋዋለሁ።”