የሞሚና ቃልና የሁመድ ጀልባ

በአንድ ወቅት፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ሁመድ የሚባሉ ባሕረተኛ ነበሩ። ሀብታቸው አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ፣ ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ኢድሪስ፣ መካከለኛዋ ናስራ፣ የመጨረሻው ያሲን። ሚስታቸው ሞሚና የባሕር ኤሊ ትወድ ነበር። በልጅነቷ ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ አሸዋው ላይ እግር ማሳረፊያ አይገኝም ትል ነበር። ሰው ሥጋቸውን ሲበላ፣ እንቁላላቸውንም ሲለቅም ኖሮ፣ በመንደሩ ዳርቻ አንዲትም የማትወጣበት ጊዜ መጣ። ሞሚና ልትሞት ስትል ባሏንና ልጆቿን ጠራች።

«ባሕሩ ዓሣውን አልነፈጋችሁም። ኤሊዋን ግን ለእኔ ተዉልኝ» አለች። «እሷንም፣ እንቁላሏንም።»

አራቱም እጇን ይዘው ማሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በየዓመቱ ወደ አንዲት ሰው አልባ ደሴት እየሄደ ኤሊዎቹ እንቁላል ሲጥሉ አይቶ ይመለሳል። የሁመድ ዓይን ሲደክም ግን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«የዘንድሮው ጉዞ የመጨረሻዬ ነው። ስንመለስ ጀልባዋን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ፤ እናታችሁ ብትኖር ለምትመርጠው።»

በዚያ ጉዞ ኢድሪስ ትንሿን ልጁን ሐሊማን ይዞ መጣ። አያቷ የወደደችውን ትይ ብሎ ነው።

ደሴቲቱ አጠገብ ሲደርሱ ድንገተኛ ማዕበል ጀልባዋን ከቋጥኝ ጋር አላተማት። ምሰሶዋ ተሰበረ፤ የመጠጥ ውኃው በርሜል ተገልብጦ ፈሰሰ። ሰዎቹ ተርፈው አሸዋው ላይ ወጡ። ነገር ግን በደሴቲቱ ላይ ጉድጓድ የለ፣ ምንጭ የለ። የቀራቸው በአንዲት ኮዳ ያለች ውኃ ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ኮዳዋ ተንጠፈጠፈች። ናስራ ድርሻዋን ሳትቀምስ ለሐሊማ ሰጠቻት። ሕፃኗ ግን አንገቷን መያዝ አቃታት።

ያሲን ቀትር ላይ ተነሣ። ከጀልባዋ ኋላ የምትጎተት፣ ከማዕበሉ የተረፈች አንዲት ታንኳ ነበረች፤ ለሁሉም የቀረች ብቸኛ መውጫ እሷ ናት። ባሕሩ ገና አልረጋም። አባቱን ቢጠይቅ እንደሚከለክሉት ስላወቀ ሳይናገር ውኃ ፍለጋ ቀዘፈ።

ሁመድ ታንኳዋን ከቦታዋ ሲያጧት፣ «እሱ ከሰጠመ እኛም አብረነው ሰጥመናል» አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ኤሊ ከባሕሩ ወጣች። ገላዋ ከብዷት፣ ደክሟት እየቆመች፣ ወደ ደረቁ አሸዋ ተጎትታ ደረሰችና መቆፈር ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንፋሻቸውን ውጠው ያይዋት ነበር። አሁን ኢድሪስ ቢላዋ መዘዘ።

«ደሟ ልጄን ያተርፋታል።»

«ምለናል!» አለች ናስራ።

«ስንምል ሐሊማ አልተወለደችም!»

ናስራ ኤሊዋ ላይ ተደፋች። ቢላዋው መዳፏን ሰነጠቀው። ኢድሪስ የእህቱን ደም ሲያይ ቢላዋውን ጣለ።

«አባባ፣ ይናገሩ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ሁመድ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

ኤሊዋ እንቁላሏን ጣለች፤ አሸዋ አለበሰችውና ተመለሰች። ናስራ እየደማች እስከ ውኃው ሸኘቻት። ዞር ስትል ኢድሪስ ጉድጓዱን ከፍቶ፣ እንቁላል እየሰበረ በልጁ አፍ ያንጠባጥባል። ሐሊማ ዋጠች። ቆይታም ዓይኗን ገለጠች። ኢድሪስ ለእህቱም ዘረጋላት፤ ናስራ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳለ እምቢ አለች። የተረፉትንም እንቁላሎች መልሳ ቀበረቻቸው። ኢድሪስ በእጁ የቀረውን አንዱን እንቁላል ለአባቱ ሲሰጣቸው አዛውንቱ በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ጠጡት። ከዚያ በኋላ ናስራን ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።

ሲነጋ ያሲን ከዓሣ አጥማጆች ጋር ውኃ ይዞ ደረሰ። የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ነበር። ናስራ ያን ጊዜ መናገር ተስኗት ስለነበር፣ በራሰ ጨርቅ ከንፈሯን እያረጠቡ ነፍሷን መለሷት።

ጀልባዋ ተጠግና ወደ መንደሩ ከተመለሱ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት የሁመድ ፍርድ ተጠበቀ።

«መሐላ አፍርሻለሁ» አለ ኢድሪስ። «ነገም ቢሆን አፈርሳለሁ። ልጄ እስከ ንጋት አትደርስም ነበር።»

«እኔ ለሐሊማ ውኃዬን አልሰሰትኩም» አለች ናስራ፣ የታሰረ እጇን ታቅፋ። «የእናቴን ቃል ግን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።»

«እናንተ ስትጣሉ እኔ ቀዘፍኩ» አለ ያሲን። «ውኃው ባይመጣ ዛሬ የሚከራከር ሰው አይኖርም ነበር።»

«ብትሰጥምስ? ታንኳዋ የሁላችን አልነበረችም?» አለው ኢድሪስ።

በመጨረሻ ሁመድ ተነሡ። «እንቁላሉን እኔም ጠጥቻለሁ፤ ተከሳሽ ዳኛ አይሆንም። እናንተ ፍረዱ» ብለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ተከራክረው አልተስማሙም። ሦስቱ ልጆች ዛሬም በሰው ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በአንድ ገበታም አይቀርቡም። የሁመድ ጀልባ እንደታሰረች ፀሐይ እንጨቷን እየሰነጠቀው ነው።

እስቲ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ሞሚና ብትኖር ጀልባዋን ለማን ትሰጥ ነበር?