እስከ ወሰኑ የተቆረጠው ግንድ

አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ጀርመን፣ ሥራው የአንዲት ትንሽ መንደር ሹም። በዚያ አገር መንደር ለአውራጃ፣ አውራጃ ለክፍለ ሀገር ተጠሪ ነው፤ የቱን ቦይ ማን እንደሚጠርግ ሳይቀር ተጽፏል። ሰውየውም ከተጻፈው ዝንፍ አይልም። ክፉ ግን አልነበረም፤ ይህን ያዢልኝ ልጄ።

የመንደሩ ወሰን የወንዙ መሐል ነው። ከማዶ ያለው መንደር የሌላ አውራጃ ነው። የሹሙ እህት ያገባችው እዚያ ማዶ ሲሆን ቤቷም ወንዙ ዳር ነበር። ባሏ ሞቷል፤ እግሯም አይታዘዛትም።

በረዶው በሚቀልጥበት ወራት አንድ ትልቅ ዛፍ ወንዙ ላይ ተጋደመ፤ ሥሩ ወዲህ፣ ጫፉ ወዲያ። ውሃው መቆም ጀመረ። ሹሙ መቀመጫ አጣ። ወንዝ ይወርዳል፣ ቢሮ ይመለሳል፣ ካርታውን ይዘረጋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። ለአውራጃው ጻፈ። አውራጃው ደግሞ ለማዶው አውራጃ እንደሚጽፍ መለሰለት።

በሦስተኛው ቀን እህቱ በመስኮት ተጣራች።

«ወንድሜ፣ ውሃው ደረጃዬ ላይ ወጣ።»

«አይዞሽ፣ ደብዳቤው ሄዷል» አላት። ሆዱ ግን አልቻለም። መጋዙን ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ከሥሩ በኩል እየቆራረጠ ሄደ፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ አቆመ። ክንዱ አልደከመም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቢነካ የሰው ሥልጣን የሚቀማ መሰለው።

የቀረው ግንድ ሥሩን ሲያጣ ተንሸራቶ ሄደና ከእህቱ ቤት ዝቅ ብሎ ካለው ድልድይ ሥር ተሰነቀረ። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በበሯ ገባ። የማዶ ጎረቤቶቿ በመስኮት አዝለው አወጧት። እሱ መጋዙን እንደያዘ ቆሞ አየ። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ወሰኑን ማለፍ ፈራ።

ባስጠጓት ሰዎች ቤት ሊጠይቃት ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲያመነታ አየችው።

«እዚህ እኮ ሌላ አውራጃ ነው» አለችው። «በምን ሥልጣን መጣህ?»



እንግዲህ ልጄ፣ ቀበሌ እንድታስተዳድሪ ተሾመሽ፣ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር የሚያዋስናችሁ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ፈርሶ «የእኔ ድርሻ እስከ የት ነው?» ብለሽ መጣሽ። ወሰኑንማ ካርታው ይነግርሻል፤ ለዚያ እኔ ዘንድ መምጣት አያሻሽም ነበር። አንቺም እንደዚያ ሹም መጋዙን ይዘሽ ውሃው ውስጥ ቆመሻል። ድርሻሽ የሚያልቀው ውሃው ሲያልፍ ነው።