ታቦቱ የቆመበት ድንበር

እስቲ ንገሩኝ፤ የጎረቤቱን በግ ሰርቆ ለእግዜር ያረደ ሰው ጸሎቱ የሚያርገው በማን ስም ነው? በሌባው ነው ወይስ በባለበጉ? አሁን አትመልሱልኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ አፈር ገና ጆሮ በነበረው ዘመን። አገሩ አንድ አገር ነው። ስሙን የማልነግራችሁ ጠፍቶኝ አይደለም። በዚያ አገር ማዘንጊያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ጉብታ አላት፤ ከላዩ ሰባት ወይራ፣ ከሥሩ ምንጭ። አፈሩ እንደ ቁራ ላባ የጠቆረ ነው። ከጉብታው በታች ያለው ሜዳ ሁሉ ደግሞ የባለጠጋው የጓንጉል ነው፤ የእሱ አፈር እንደ በርበሬ የቀላ ነው።

ጓንጉል መሬቱ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ግን ከመሬቱ ይሰፋል። አንድ ቀን ተነሣና «ይህ ጉብታ የአያቴ ነው» አለ።

የዚያ አገር ሕግ አጭር ነበር። መሬት የእኔ ነው የሚል ሰው ከሚከራከርበት መሬት አንድ ጓል አንሥቶ ራሱ ላይ ያደርጋል። ጫማውን አውልቆ በሽማግሌ ፊት ድንበሩን ይዞራል። «ከዋሸሁ አፈሩ ይጫነኝ» ይላል። ዞሮ ከጨረሰ መሬቱ የእሱ ነው። ከዋሸ ግን ጓሉ ራሱ ላይ እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ ያንበረክከዋል። ስለዚህ በሐሰት የሚዞር አልነበረም።

ጓንጉልም አፈሩን ፈራ። ፈራና ብልሃት ፈለገ። ከራሱ ጓሮ አንድ ጓል በጋቢው ሸሽጎ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ከጉብታው ያነሣ መሰለና የራሱን አፈር ራሱ ላይ አደረገ። የገዛ አፈሩ ምን ብሎ ይክበደው! እየተንጎማለለ ዞረ።

ማዘንጊያ ጮኸች። «ኧረ ሽማግሌዎች! ጓሉ ቀይ ነው! የእኔ መሬት ጥቁር ነው! አይታያችሁም?»

ሽማግሌዎቹ የየራሳቸውን ከዘራ አዩ። ያን ዕለት ጠዋት ጓንጉል ቤት ሰንጋ ታርዶ ነበር፤ ሥጋው ከጥርሳቸው መካከል ገና አልወጣም።

«ፀሐይዋ ናት እንዲህ የምታሳየው» አለ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ድንቁ።

«ፀሐይዋ? እሺ እናንተስ፣ ጎረቤቶቼ?»

«እኛ ምን እናውቃለን፤ ሽማግሌ ያለው ነው» አሉ ጎረቤቶቿ። አንዷማ «እኔ እንኳ ዓይኔን ያመኛል» ብላ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ማዘንጊያ ከጉብታዋ አንድ ጥቁር ጓል አነሣች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ማንንም ሳትሰናበት ከአገር ወጣች።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ጓንጉል ሸበተ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ሞትም ከሩቅ ሆኖ በስሙ ይጠራው ጀመር። ያኔ እግዜር ትዝ አለው።

«ቤተ ክርስቲያን አሠራለሁ» አለ ለሚስቱ። «በሩ ሥር እቀበራለሁ። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ነፍስ ይማር ይለኛል።»

«ደግ አስበሃል። ከየትኛው መሬት ነው የምትሰጠው?»

«ከጉብታው ነዋ!»

«ለእግዜር ከሰጡ አይቀር ከቀዩ አይሻልም?»

«ቀዩማ የልጆቼ ነው! ጉብታው ምን አለው? ከፍ ያለ ነው፣ ለሰማይም ይቀርባል።»

«ለሰማይስ ይቀርባል» አለች ሚስቱ። «ለማዘንጊያም ይቀርባል።»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!»

ተሠራ። ወንዱ ድንጋይ በትከሻው፣ ሴቷ ውኃ በጀርባዋ አወጣች። ክብ ሆነ፣ ጣሪያው ተከደነ፣ ጉልላቱ ላይ መስቀል ቆመ። ያየው ሁሉ አፉን ያዘ። እናንተ ግን ልጆች፣ ይህን ዕወቁ፦ ግድግዳ ስለቆመ ቤተ ክርስቲያን አይሆንም። ታቦት እስኪገባበት ድረስ ጎጆ ነው፤ ድንቢጥም ትገባበታለች፣ ፍየልም ትጠለልበታለች። ታቦቱ ከገባ በኋላ ግን ያሠራው ሰውም ቢሆን ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። የእሱ አይደለማ! መስጠት ማለት እሱ ነው፤ ተመልሶ «የእኔ» አለማለት።

የቅዳሴ ቤቱ ቀን ደረሰ። በጳጳስ እጅ ሜሮን የተቀባው ታቦት ከሩቅ ከተማ መጣ። የተሸከሙት አባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ በጾም የከሱ፣ ነፋስ ይወስዳቸዋል የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ። ከበሮው ይመታል፣ ጽናጽሉ ይንሿሿል፣ ጃንጥላው ይሽከረከራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ቀዩን ሜዳ አቋረጡ። ከጉብታው ሥር፣ ቀዩ አፈር አልቆ ጥቁሩ ከሚጀምርበት ድንበር ደረሱ።

ታቦቱም ቆመ። እግር ቆመ፣ ከበሮ ቆመ፣ እልልታ ጉሮሮ ውስጥ ቆመ።

አባ እግራቸውን ሊያነሡ ሞከሩ። ያ ነፋስ ይወስደዋል የተባለ ሰውነት እንደ ዋርካ ሥር ሰድዷል። ላብ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል።

«ድንጋዩ ቆርቁሯቸው ነው፤ ምንጣፍ አንጥፉ!» አለ ጓንጉል። ከድንበሩ እስከ በሩ ምንጣፍ ተነጠፈ።

ታቦቱ ግን ቆመ። እግር ቆመ፣ ከበሮ ቆመ፣ እልልታ ጉሮሮ ውስጥ ቆመ።

«ስለት ነው የፈለገው! ሁለት ነጭ ሰንጋ፣ አንድ የሐር ጃንጥላ አገባለሁ!»

ታቦቱ ግን ቆመ። ከሰባቱ ወይራ አንዲት ቅጠል አልተነቃነቀችም።

ጓንጉል ዞሮ ሕዝቡን አፈጠጠበት። «ከእናንተ መካከል ኃጢአተኛ አለ! ውጣና ተናዘዝ!»

ሕዝቡ ተርበተበተ። አንዲት ሴት ወደቀች። «እኔ ነኝ! የጎረቤቴን ዶሮ በልቼ ሸለምጥማጥ ነው ብያለሁ!»

«አንቺ ነሽ?» አለች ጎረቤቷ። «እኔ እኮ ሸለምጥማጡን ሦስት ዓመት ረገምኩት!»

ሰው በፍርሃቱ መካከል ሳቀ። ታቦቱ ግን ቆመ። ሳቁም ቆመ።

ያን ጊዜ አያ ድንቁ፣ አሁን ዘንጉን ተደግፎ የሚሄድ የጃጀ ሽማግሌ፣ ከመሬት ተደፋ። 

«ጓሉ ቀይ ነበር» አለ።

አጠገቡ ያለውም «ቀይ ነበር» አለ። ከኋላው ያለችውም «ቀይ ነበር። ዓይኔንም አላመመኝም» አለች። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ሜዳው ሙሉ ሕዝብ እንደ ኪርያላይሶን «ቀይ ነበር፣ ቀይ ነበር» እያለ ተንበረከከ። በመጨረሻ ቆሞ የቀረው ጓንጉል ብቻ ነበር። እሱም ተንበረከከ።

«እንግዲህ» አሉ አባ፣ «ይህን ቤት ለእግዚአብሔር የሰጠው እጅ የት አለ? የሰጪውን እጅ ፈልጉ።»

ወደ ፊት ያልተራመደ እግር ወደ ኋላ ሲሉት ተራመደ። ቀዩ አፈር ላይ ድንኳን ተተክሎ ታቦቱ እዚያ አረፈ። መልእክተኞች ሰባት ቀን ተጉዘው ማዘንጊያን አገኟት። አርጅታለች፣ ጎብጣለች፣ የሰው እህል እየፈጨች ትኖራለች።

«እመት ማዘንጊያ፣ ይምጡ፣ ታቦቱ ቆሟል። በጓንጉል በቅሎ ይቀመጡ።»

«ለታቦቱ እመጣለሁ» አለች። «በቅሎው ባለቤቱን ይሸከም።» በእግሯ መጣች።

ድንበሩ ላይ ስትደርስ ጓንጉልና ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቶቿም ሁሉ፣ በየአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ተንበርክከዋል። ደንቡ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ይሸከማል፣ የተበደለ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል።

አላወረደችም። አላየቻቸውምም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ያ ጥቁር ጓል፣ ስንት አገር የዞረ፣ አለ። ራሷ ላይ አደረገችው፤ ድንበሩን ዞረች። «ከዋሸሁ አፈሩ ይጫነኝ» አለች። የጎበጠው ጀርባዋ በየእርምጃው እየቀና፣ እየቀና ሄደ፤ ዞራ ስትጨርስ እንደ ኮረዳ ቀጥ ብላ ቆመች።

ጉብታው የእሷ ሆነ። የላዩም ቤት የእሷ ሆነ። ድንጋይ ያመላለሰው ሕዝብ ቤቱን ቀና ብሎ አየ።

«አፍርሱት ቢሉ እናፈርሰዋለን» አለ አያ ድንቁ።

ማዘንጊያ ከበሩ ፊት ቆመች። ወይራዎቹን አየች፣ አባቷ ያረሰውን መሬት አየች፣ መስቀሉን አየች። ከዚያ ጓሉን ከራሷ አውርዳ ደፉ ላይ አኖረችው።

«የአባቴ መሬት ነው» አለች፤ ለሰው አልነበረም የምትናገረው። «ሌላ የለኝም። አንተ አልቀማኸኝም፣ እኔ ግን ሰጠሁህ። ከዛሬ ጀምሮ የእኔም አይደለም።»

ያን ጊዜ ሰባቱ ወይራ ነፋስ ሳይኖር ዘነበሉ። ከድንኳኑ አባ ታቦቱን ተሸክመው ወጡ፤ ድንበሩን እንደ ላባ ቀለው ተሻገሩ። ከበሮውን የመታ የለም፤ ከበሮው ግን ተሰማ። ሕዝቡ እንደታጨደ ሣር ተደፋ፤ ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም። ሲነሡ በሩ ተዘግቷል፤ ጎጆው የእግዚአብሔር ቤት ሆኗል።

ከዚያማ እልልታው ቀለጠ። «እመት ማዘንጊያ፣ እንግዲህ ስለ ታቦቱ ይማሩን» አሉ ድንጋይ የተሸከሙት።

አባም ወጥተው «ልጄ፣ ታቦቱ እንኳ ታርቆ ገባ እኮ» አሏት።

«ታቦቱ መቼ ተጣላኝ፣ አባ? እሱ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። እነሱ ናቸው ቆመው ያዩኝ።»

«ድንጋዩ ከበደኝ» አለ ጓንጉል።

ማዘንጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «ቀይ ነው ጥቁር? የእኔ ዓይን ደክሟል። ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ ፀሐይዋ ናት ይሉሃል።»

ምንጩ ዘንድ ወርዳ እግሯን ታጠበች፤ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ድንጋዮቹን ተሸካሚዎቹ ራሳቸው አወረዷቸው፤ ዛሬም ከድንበሩ ውጭ በተርታ ተቀምጠዋል ይባላል። ጓንጉል ግን አላወረደም፤ ከነድንጋዩ ከቀዩ አፈር ተቀበረ።

በተቀማ መሬት ቢሠሩም መቅደስ፣
ታቦቱ ይቆማል ባለቤት እስኪደርስ።

ተረቴን ውሰዱት፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። ማዘንጊያስ ኋላ ልቧ ራርቶ ይቅር አለቻቸው ወይ ብላችሁም አትጠይቁኝ። አላለችም። አንዳቸውንም። እኔም አልልም።