ግድግዳዬ አይነካም

አንድ ሰው ነበር፤ የመንገድ ቀያሽ ነው። መንገድ ወደሚሠራበት ሁሉ ይሄዳል፣ ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። በመኪና የሚጎተት፣ ጎማ ያለው ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመንገድ ሥራ ካምፕ ያደረ ሰው ያውቀዋል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። ሰውየው እዚያ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይኖራል።

ሚስቱ ዘርፌ ትባላለች። ስኳር አለባት። በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ትወጋለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ስለዚህ በዚያ ተጎታች ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አለች። ለሥጋ አይደለችም፣ ለለስላሳም አይደለችም፤ ለዘርፌ መድኃኒት ናት። ፍሪጇ ከቆመች ዘርፌም ትቆማለች። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ዓመት መንገዱ ወደ ቆላ ወረደ። የሶላሩ ባትሪዎች የድሮዎቹ ናቸው፤ አሲድ የሚጨመርባቸው፣ ድንጋይ የሚያህሉ። በዚያ ሙቀት ደከሙ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ፍሪጇ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሰውየው ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳል፤ አይወዳትም አላልኩም። አዳማ ሄደና አዲስ የሊትየም ባትሪ ገዝቶ መጣ። በአንድ እጅ ይነሣል፣ ጉልበቱ ግን የድሮዎቹን ሁለቱን ያስንቃል።

ባትሪውን ሊገጥሙለት ጋሽ ኤርሱሞ የሚባሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አብረውት መጡ። ገና ሲገቡ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ።

«ገመዱ ከዚህ ጀርባ ነው ያለው?» አሉት።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ግድግዳው ይከፈታል። ገመድህ ቀጭን ነው፣ አርጅቷልም። የድሮው ባትሪ ደካማ ስለነበር ገመዱም ሳይፈተን ኖረ። ይሄኛው ጉልበተኛ ነው። ወፍራም ገመድ ካልተዘረጋለት ይግላል።»

ግድግዳው ደግሞ ሰውየው በገዛ እጁ የሠራው ነው። ኮምፔንሳቶ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቶታል። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ሳያቀርብ ግድግዳውን ያሳያል። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ባትሪውን ይግጠሙልኝ፤ ግድግዳዬ ግን አይነካም።»

«አንተ ሰው፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው። መልሼ እገጥምልሃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

«አይነካም አልኩ እኮ ጋሼ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ገመድ ዛሬ ምን ሆንኩ ብሎ ይግላል?»

ጋሽ ኤርሱሞ ቢለምኑት፣ ቢመክሩት፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ባትሪውንም ለዓይን አያምርም ብሎ ከዚያው ከግድግዳው ጀርባ አስቀበረው። ሽማግሌው ሲቸግራቸው አንድ ፊውዝ አስገቡለት። «ፍሪጇን ብቻ አስነሣበት» አሉት። «ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይሄ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሲጠፋብህ አትበሳጭበት፤ ባለውለታህ ነው።» ይህን ብለውት ሄዱ።

አንድ ሳምንት ፍሪጇ እንደ ጉድ ሠራች። የሰውየው ልብ አበጠ። ቬንቲሌተር ጨመረበት። ቴሌቪዥን ጨመረበት። የውሃ ማፍያ ጨመረበት። ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየረው። ደግሞ ተቃጠለ። ደግሞ ቀየረው። ሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ምን አደረገ?

ታውቁታላችሁ። አትሳቁ፤ እናንተም ቤት አለ። ከሽቦ ላይ ቅንጣቢ ቆርጦ ፊውዙን ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም። ዘበኛውን አስሮ ሲያበቃ «ቤቴ ሰላም ነው» ብሎ እግሩን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑን አየ።

«አንተ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸተኛል» አለችው ዘርፌ።

«አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይሸታል።»

በማግስቱ፣ «ዛሬም ይሸተኛል። ግድግዳውን ስነካው ይሞቃል» አለችው።

«ቆላ ውስጥ ሆነሽ ያልሞቀ ነገር ትፈልጊያለሽ?»

በሦስተኛው ቀን፣ ወገኖቼ፣ ይህችን ስሙልኝ። «በናትህ፣ ያን ሰውዬ ጥራቸው» ብላ ለመነችው። እሱ ምን አላት? «ዘርፌ፣ ስኳርሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ስኳር እኮ የሌለ ነገር ያሸታል።»

ይታያችኋል? የጋለው ግድግዳው ነው፤ በሽተኛዋ ግን እሷ ሆነች። ይህን ነገር በተረክሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማየት ያልፈለገውን ነገር ስታሳየው በበሽታዋ መታት። ለማን ብሎ ነበር ባትሪውን የገዛው? ለእሷ አልነበረም እንዴ?

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰውየው ሥራ ላይ ነው፣ ዘርፌ ብቻዋን ናት። ከግድግዳው ስንጥቅ ጭስ ወጣ። ማጥፊያውን ተጫነች፤ አልጠፋም። ሊያጠፋላት ይችል የነበረው ፊውዝ በሽቦ ታስሯል። ባትሪው ካማረው ግድግዳ ጀርባ ተቀብሯል።

መድኃኒቷን ከፍሪጅ አወጣችና ውጭ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። የቅርቡ መድኃኒት ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከዚያ ተመልሳ ገባች። መግባት አልነበረባትም፤ ግን ቤቷ ነው፣ ያላት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የባሏን መዶሻ አነሣችና ግድግዳውን ሰበረችው። ሦስቴ ቫርኒሽ የተቀባውን ግድግዳ። እጇን አስገብታ ገመዱን ከባትሪው ላይ ነቀለችው። የቀለጠው ፕላስቲክ መዳፏ ላይ ተጣበቀ። በአንድ እጇ አፈር እያፈሰች፣ የሚጨሰውን አፈር አለበሰችው።

ቤቱ ዳነ። እሷም ወጥታ ግራር ሥር ተቀመጠች። መድኃኒቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ማሰሮ ውስጥ ከተተችው፤ የተቃጠለ እጇን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ሰውየው ጭሱን ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጣ። አጠገቧ ደረሰ። አለፋት። አለፋት እኮ ነው የምላችሁ። በሩን ከፈተና ወደ ውስጥ አየ።

«ግድግዳዬን ምን አደረግሽው?» አለ።

መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል ይኸው ነው። ደህና ነሽ ወይ አላለም። እጅሽ ምን ሆነ አላለም። መድኃኒትሽስ አላለም።

ዘርፌ ቀና ብላ አየችው። «እኔ አይደለሁም» አለችው። «ስኳሬ ነው የሰበረው።»

ታሪኩ እዚህ ላይ አበቃ። ንዴቴ ግን አላበቃም።

ሰውየውን ጠላችሁት፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ቆዩ። ለመጥላት አትቸኩሉ። እኛ የምንጸልየው ምን ብለን ነው? «ጌታ ሆይ፣ አዲስ ኃይል ስጠኝ» አይደለም? ኃይል፣ ኃይል፣ ኃይል። ድምፃችን እስኪዘጋ ኃይል እንለምናለን። ግድግዳዬ ግን አይነካም። ኃይል ስጠኝ፤ ምላሴ ግን አይነካ። ኃይል ስጠኝ፤ ወንድሜን ከዘጋሁት አራት ዓመቴ ነው፣ እሱም ነገር አይነካ። ኃይል ስጠኝ፤ የቤት ሠራተኛዬ የምትተኛበትን ጥግ ግን ማንም ገብቶ አይይብኝ። እንዲህ ያለ ጸሎት አለ? ኃይል ባረጀ ገመድ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አሁን አልሰማችሁም?

ኅሊናችሁስ ስንት ጊዜ ተቃጠለ? ስንት ጊዜ ጠቀለላችሁት? «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ሽቦ ነው። «ወደፊት ንስሐ እገባለሁ» ሽቦ ነው። «እኔ እኮ አገልጋይ ነኝ» ይህ ደግሞ ወፍራሙ ሽቦ ነው።

አሜን አትበሉ። ገና አልጨረስኩም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ፣ ማስታወቂያ ሲነገር፣ እህት አስካለ ከመካከላችሁ ተነሣች። «ባሌ ይመታኛል» አለች። «ባሌ የእናንተው ሽማግሌ ነው። ለሦስት ሰው ነግሬ ዝም በይ ተብያለሁ።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችን። ሁላችሁም አይታችኋል። እኔም አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ቃላችን ምን ነበር? አንዱ «ይህ በጉባኤ ፊት ይባላል?» አለ። አንዷ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አለች። ከወደ ኋላ ደግሞ «ሰሞኑን ትንሽ አሟታል» የሚል ሰምቻለሁ። ስኳሯ ነው ማለታችሁ ነው።

እኔስ? የእናንተን ብቻ ነግሬ የእኔን ብደብቅ እዚህ መቆም የለብኝም። እኔ ከዚሁ መድረክ ላይ ሆኜ «እህቴ፣ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ስም አስቢ» አልኳት። የተመታ ክንድ እያየሁ ስለ ቫርኒሽ አወራሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። ከዚያ ሚስቴ «ክንዷን ሐኪም አየው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አልጠየቅኋትም ነበርና።

ባሏ ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሌ አይደለም። ይህን ሰምታችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ይህ ባትሪውን መቀየር ብቻ ነው። የነገረቻቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ የማይነካ ግድግዳ አለ፤ እሱ ይከፈታል። በሕግ የሚጠየቀውም በሕግ ይጠየቃል። ከእኛ ማንም «በሽምግልና ይለቅ» ብሎ መሃል እንዳይገባ።

እህት አስካለ ዛሬ መጥታለች። በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ናት። ለምን እንደመጣች አላውቅም፤ እኔ ብሆን አልመጣም ነበር። አንገታችሁን አታዙሩ። እናንተ ቀድማችሁ እንድታዩአት አይደለም የተናገርኩት።

ዘማሪዎች፣ መዝሙር አትጀምሩ። ዝም በሉ። እኔ ከዚህ ልወርድ ነው፤ እስከ በሩ ድረስ ሄጄ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መጀመሪያ ማለት የነበረብኝን አሁን ልጠይቃት ነው።

እህት አስካለ፣ ክንድሽ እንዴት ነው?