ከሐይቁ በኩል «አቤት» ያሉት

በአንድ ወቅት፣ ምርጫ በደረሰበት ዓመት፣ ደንገል ዳር በምትባል ቀበሌ ሐይቁ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ዝናብ ሳይጥል፣ ወንዝ ሳይሞላ፣ በየሳምንቱ አንድ እርምጃ። መጀመሪያ ግጦሹን ወሰደ፣ ቀጥሎ የጌሾውን ማሳ፣ በመጨረሻ ከመቃብር ስፍራው አጥር ሥር ደርሶ ተኛ። ከአጥሩ ወዲህ፣ በታችኛው ረድፍ፣ አሥራ ሰባት ሰዎች ተቀብረዋል። ከእነሱ አንዷ ማዘንጊያ ናት።

ማዘንጊያ የእድሩ ጸሐፊ የሆነችው የደብሪቱ የበኩር ልጅ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ምጥ ይዟት፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነውና፣ ቃሬዛ ላይ እንዳለች ከነልጇ መንገድ ላይ ቀረች። አሁን ደግሞ ታናሿ ስንዱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የእህትማማቾቹ ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ነበር፤ እናትየው እንኳ ከጓዳ ሆና ስትጣራ «አቤት» ያለችው የትኛዋ እንደሆነች ሳታይ አትለይም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

የደንገል ዳር እድር አንድ የማይነካ ደንብ አለው። ስብሰባ የሚጀመረው በስም ጥሪ ነው፤ «አቤት» ያለ ሰው ደግሞ ማንም ይሁን ማን ጉዳዩ ሳይታይ ስብሰባው አይበተንም። ለክልሉ ምክር ቤት የሚወዳደሩት ሦስት ዕጩዎች አቋማቸውን ሊያስረዱ የመጡ ዕለትም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ስም ጥሪው ተጀመረ።

ደብሪቱ ዓይኗ ደክሟል፤ መነጽር አድርጊ ቢሏት ግን ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እድሩ ሁለት መዝገብ አለው፣ የኗሪና የሟች፣ ሁለቱም በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጡ። እሷ የሟቹን አንስታ መጨረሻውን ገጽ፣ የታችኛው ረድፍ ሰዎች ያሉበትን፣ ገለጠች። የመጀመሪያውን ስም ስትጠራ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሊያርማት አፉን ሲከፍት ከሐይቁ በኩል «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። ሁለተኛውን ስም ጠራች፣ «አቤት»። መሳሳቷ ያኔ ገባት፤ ጣቷ ግን መስመር በመስመር ወደ ታች ወረደ፣ ምላሷም ተከተለው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ደረሰች።

«ማዘንጊያ ውድነህ።»

«አቤት» አለች ልጇ፣ ከውኃው ዳር።

ማንም አልሮጠም። ውሾቹ ብቻ ተነስተው ሄዱ። የእድሩ ዳኛ አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደንባችን የታወቀ ነው። አቤት ብለዋል። ዕጩዎቹ ለእነሱም ይመልሱ» አሉ። ክልሉ ለደንገል ዳር የሚሠራላት አንድ ሥራ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

መጀመሪያ የተነሳው ግንበኛው ገብረየስ ነው። «እኔ ከተመረጥኩ ሐይቁን በግንብ አስቆማለሁ። የሞተው ከተቀበረበት፣ ያለውም ከተወለደበት አይነቃነቅም» አለ። ምርጫውን አልጠበቀም፤ በማግስቱ ወንድሞቹን ይዞ ወርዶ፣ በሁለት ሳምንት የመቃብሩን አጥር በድንጋይ ካበው። እውነትም ውኃው ቆመ። በቆመ በሦስተኛው ቀን ግን የትምህርት ቤቱ ወለል ከሥሩ ይረጥብ ጀመር። ውኃው ኩልል ያለና ቀዝቃዛ ነው፣ የመቃብር አፈር ይሸታል። ልጆቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ይማራሉ።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት፣ የግብርና ባለሙያዋ። «ሐይቅ አይለመንም። ሙታኖቻችንን ወደ ኮረብታው እናውጣ፣ ቀበሌውም ይከተላቸው፤ የክልሉን ሥራ ለዚያ አውለዋለሁ» አለች። በሌላ ሰው አልጀመረችም። የገዛ እናቷን አፅም አስወጥታ፣ በአዲስ ነጠላ ጠቅልላ ራሷ ተሸክማ፣ ፍትሐት አስደርጋ ኮረብታው ላይ ቀበረች። የሴትየዋን ስም ሲጠሩ ግን መልሱ ከኮረብታውም ከሐይቁም አልመጣም፤ ከመንገዱ መሐል መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አቧራው ላይ የባዶ እግር ዱካ ይታያል፣ አንዱ እግር የሚጎተት። የትርንጎ እናት በሕይወት ሳሉ ያነክሱ ነበር። ዱካው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፣ ሽቅብ የሚሄድ አልታየም።

ሦስተኛው ቢተው ነው፣ ጡረታ የወጣው ነርስ። ይህ ሰው ማባበል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እኔ የማሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ውኃው የሚወስደውን ይውሰድ፤ የእኔም አባት እዚያው ናቸው» አለ። ከአባቱ መቃብር ፊት ለፊት ያለውን ካብ አፍርሶ፣ በድንጋዩ የማዋለጃ ክፍል ሠራ፣ ከከተማም ለአንድ ሳምንት አዋላጅ አስመጣ፤ እሱ ካልተመረጠ ግን ተመልሳ አትመጣም። ሁለት ቀን ያማጠች ሴት በሰላም ተገላገለች፤ በዚያችው ሰዓት ሐይቁ የአባቱን መቃብር ወሰደ። ስማቸው ቢጠራ፣ ቢጠራ፣ መልስ የለም። የተወለደው ሕፃን ግን ያ ስም በተነሳ ቁጥር ልቅሶውን ያቆምና ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

ደብሪቱ እህል አልወርድላት አለ። ከምርጫው በፊት ባለው ቀን ወደ ካቡ ወርዳ «ማዘንጊያዬ፣ የቱን ልምረጥ? ልተውሽ? ላንሳሽ?» አለች።

«አቤት፣ እማ» አለች ማዘንጊያ። ከዚያ ሌላ ቃል የላትም።

ደብሪቱ ካቡን ተደግፋ አለቀሰች። ዞር ስትል ስንዱ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከኋላዋ ቆማለች። «እማ፣ እሷን እንዲህ ትጠይቂያለሽ። እኔን ግን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለቻት። እውነቷን ነበር።

በምርጫው ቀን ከሰልፉ መጨረሻ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ደብሪቱ ወረቀቷን ተቀብላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ወረቀቱ ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፣ የገብረየስ መሮ፣ የትርንጎ ዶማ፣ የቢተው ፋኖስ። መሮው ላይ ምልክት ብታደርግ ማዘንጊያ ካለችበት ሆና ትመልስላታለች፣ ስንዱ ግን የምትወልደው በቃሬዛው መንገድ ነው። ዶማውን ብትል ሁለቱንም ልጆቿን ከውኃው ታርቃለች፤ ማዘንጊያ ግን እዚያ ላይ ታርፍ እንደሆነ፣ መንገድ ለመንገድ ትቀር እንደሆነ ማን ያውቃል። ፋኖሱን ብትል ስንዱ በአልጋ ላይ ትወልዳለች፣ ሐይቁ የሚወስዳት ማዘንጊያ ግን ዳግመኛ አቤት አትልም።

ከመጋረጃው ወዲያ «እማ» የሚል ድምፅ ሰማች።

ስንዱ ከበሩ ናት፤ በሐይቁ በኩል ያለውም መስኮት ክፍት ነው። የትኛዋ እንደጠራቻት ሳታይ አትለይም፣ መጋረጃውን ገልጣ ለማየት ደግሞ አልደፈረችም።

«አቤት» አለች ደብሪቱ።

አቤት ከተባለ ደግሞ በእድራቸው ደንብ ነገሩ ሳያልቅ መበተን የለም። ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አወረደች።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ፤ እኔማ ስንት ሌሊት አገላብጬዋለሁ። መሮው፣ ዶማው፣ ወይስ ፋኖሱ፤ የደብሪቱ ድምፅ የሚገባው ለማን ነበር?