ነጋ የሚል የጠፋበት ጠዋት

ይህ ተረት ጅራቱን በአፉ ነክሶ የተኛ ተረት ነው። ራሱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጅራቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለእኔ ለተራኪውም ግራ ይገባኛል። ከተሳሳትኩ አርሙኝ፤ ካልተሳሳትኩ ደግሞ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

በጫካ ጥግ፣ ክረምት ከበጋ ጭጋግ በማይለቃት አንዲት መንደር፣ ጋሽ ዘርጋው የሚባል ሰው ነበር። ድምፁ ትንሽ ነው። ባለሱቁ ጆሮውን ወደ አፉ ካላስጠጋ አይሰማውም። ለምን ጮክ አትልም ሲሉት "ዝም አይነቅዝም" ይላል፤ እሷንም የሚሰማት አጠገቡ የቆመ ብቻ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው አንድ አረንጓዴ በቀቀን ነው፤ ስሙም አዋጅ።

አዋጅ የጌታው ተቃራኒ ነው። ጋሽ ዘርጋው በሹክሹክታ የነገረውን መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ይለፍፈዋል። ጌታው ቀስ ብሎ "ጨው አልቋል" ካለ፣ በቀቀኑ "ጨው አልቋል!" ብሎ ይጮኻል፤ ባለሱቁም ጨው ይልካል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጋሽ ዘርጋው በመስኮት ወደ ውጭ አይቶ በጆሮው "ነጋ" ይለዋል። አዋጅ ደረቱን ይነፋና "ነጋ! ነጋ! ያልነቃ ይንቃ!" ይላል። መንደሩ የሚነሳው በዚህ ነው። ጭጋጉ ፀሐይ ስለማያሳይ፣ ሰዉ ማለዳን በዓይኑ መፈለግ ከተወ ቆይቷል። ሰዓት ያለው ሰዓቱ ቆሞበት አላሠራውም። አውራ ዶሮዎቹ እንኳ ሰንፈው አዋጅን ቀድመው አይጮኹም ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ ዘርጋው መስኮቱን ከፍቶ "ነጋ" ቢል መልስ አጣ። ዞር ብሎ ቢያይ አዋጅ ከመቆሚያው እንጨት ወርዶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ኩርምት ብሏል። ላባው ተነፍቷል፣ ዓይኑ ተከድኗል። ጋሽ ዘርጋው አወጣውና በጋቢው ጫፍ ጠቀለለው። እንዲሞቀው ወደ ምድጃው አስጠጋው፤ ጭስ እንዳይነካው መልሶ አራቀው፤ እንዳይበርደው እንደገና አስጠጋው። ውኃ በጣቱ ጫፍ ጠብ አደረገለት። ለውዝ ሰጠው፣ እምቢ። ሙዝ ሰጠው፣ እምቢ።

"አዋጅ፣ የኔ ጌታ፣ ምን ላምጣልህ?"

በቀቀኑ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገና፣ ከተፈለፈለ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ "ፓፓያ" አለ። ያን ቀን ጆሮውን ማስጠጋት የጋሽ ዘርጋው ተራ ሆነ። ፈራ። "ይህ ወፍ ከሞተብኝ እኔ በማን አፍ ልናገር ነው? ከማንስ ጋር ልኑር?" አለና በቀቀኑን በጋቢው አልብሶት ወጣ።

ፓፓያ ያለው ከጎረቤቱ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጓሮ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ማማሰያ ይዛ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛውራ ብቅ አለች።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ነጋ እንዴ? ሽሮ ጥጃለሁ፤ ቁርስ ይሁን ራት ግን አላውቅም።"

"አዋጅ ታሟል" አላት። "ፓፓያ አማረው።"

"ምን አልክ?"

ጆሮዋን አስጠግታ ስትሰማ ማማሰያውን ጣለች። "ውይ በሞትኩት! ውሰድ፣ ያውልህ ዛፉ!"

ቀና ቢሉ አንድ የበሰለ ፓፓያ ከዛፉ አናት ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ዘርጋው "ፓፓያ ሆይ ውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን" አለው። ፓፓያውም "አልወርድም" አለ። "ግንዴ ለስላሳ ነው፤ ብትወጣበት አብረን እንሰበራለን። በዘንግ ብትመታኝ ወድቄ እፈርጣለሁ። መሰላል አምጣ።" ፓፓያ ይናገራል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። የሚጮኸው ዝም ሲል ዝም የሚለው ይናገራል፤ ያን ቀን እንዲያ ነበር።

መሰላሉ ከበረቱ በር አጠገብ ተጋድሟል። ጋሽ ዘርጋው "መሰላል ሆይ ተነስ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን" አለው። መሰላሉም "እንዴት አድርጌ ልነሳ?" አለ። "በቅሎዋ ተኝታብኛለች፤ አታይም? መጀመሪያ እሷን አስነሳልኝ።" እውነትም የእትዬ ማንጠግቦሽ በቅሎ መሰላሉ ላይ ዘፍ ብላ ታንኮራፋለች።

"በቅሎ ሆይ ተነሺ፣ መሰላሉ ይነሳ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን!" በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? ይችኛዋም ለምን አትነሺም ሲሏት ስለ ፉርሽካ አወራች። "ትናንት የበላሁት ፉርሽካ ጥሩ ነበር" አለች። "የዛሬው ግን አልመጣም። ካልመጣ አልነጋም፣ ካልነጋ አልነሳም።" ሣር ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች።

"እሷን ተዋት" አለች እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከኋላ ሆና። "የጠዋት ፉርሽካዋን ሳትበላ እንኳን ለመሰላል ለሠርግም አትነሳ። ፉርሽካው ያለው ወፍጮ ቤት ነው።"

ጋሽ ዘርጋው በጭጋጉ ውስጥ ተጣደፈ። ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። አፉን በበሩ ስንጥቅ ላይ አድርጎ "ፉርሽካ ሆይ ውጣ፣ በቅሎዋ ትብላ፣ በቅሎዋ ትነሳ፣ መሰላሉ ይነሳ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን" አለ። ከውስጥ ፉርሽካው "በየት በኩል ልውጣ?" አለ። "በጆንያ ታስሬ፣ በር ተዘግቶብኝ! ከበሩ ጋር ተነጋገር።"

"በር ሆይ ተከፈት፣ ፉርሽካው ይውጣ፣ በቅሎዋ ትነሳ፣ መሰላሉ ይነሳ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን።" በሩም "እኔ ምን አገባኝ?" አለ። "ሲከፍቱኝ እከፈታለሁ፣ ሲዘጉኝ እዘጋለሁ። ቁልፌ ኩምሳ ኪስ ውስጥ ነው።"

ኩምሳ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ነው። ከማማው ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ዱላውን አቅፎ ተኝቷል። ጋሽ ዘርጋው ወዘወዘው።

"ማነው? ነጋ እንዴ? ወይስ መሸ?"

"ኩምሳ ልጄ፣ በሩን ክፈት። ፉርሽካው ይውጣ፣ በቅሎዋ ትብላ..." ጋሽ ዘርጋው እዚህ ላይ ተምታታበት። "ፓፓያው ይነሳ፣ በቅሎዋ ትውረድ፣ አዋጅ መሰላሉን ይብላ..."

ኩምሳ ዓይኑን አሸ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በቅሎዋ ዛፍ ላይ ምን ልታደርግ ወጣች?"

ጋሽ ዘርጋው ላቡን ጠርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በሩ ይከፈት፣ ፉርሽካው ይውጣ፣ በቅሎዋ ትነሳ፣ መሰላሉ ይነሳ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አዋጅ ይብላ፣ አዋጅ ይዳን። አሁን ልክ ነኝ? ልክ ነኝ።

"ገባኝ" አለ ኩምሳ። "ግን ሳይነጋ አልከፍትም። ለባለቤቱ ምዬለታለሁ።"

"ነግቷል እኮ።"

"ምን አሉኝ?"

"ነግቷል።"

ኩምሳ ጭጋጉን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። "እኔ እንጃ ጋሼ። ይኼ ጭጋግ የማታ ይመስላል። የጠዋትም ይመስላል። እርስዎን አላመንኩም አይደለም፤ ግን እኔ የምከፍተው አዋጅ ነጋ ሲል ነው። አዋጅ ይበልና ያን ጊዜውኑ እከፍታለሁ።"

"አዋጅ ታሟል እያልኩህ!"

"እንግዲያማ ዛሬ አይነጋም" አለና ኩምሳ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ንጋቱን ለአንድ ወፍ አስረክቦ ስለኖረ እሱም እንደ መንደሩ ነው።

ጋሽ ዘርጋው ወደ ቤቱ ሮጠ። ወፉ ከጋቢው ውስጥ ትንሽ ሆኗል። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና ለመነው። "አዋጅ፣ አንዴ ብቻ ነጋ በልልኝ። አንተ ነጋ በል፣ ኩምሳ ይስማ፣ በሩ ይከፈት፣ ፉርሽካው ይውጣ፣ በቅሎዋ ትነሳ፣ መሰላሉ ይነሳ፣ ፓፓያው ይውረድ፣ አንተ ትበላለህ፣ ትድናለህ!"

አዋጅ ዓይኑን ሳይገልጥ "ፓፓያ" አለ፤ ከቅድሙም በቀነሰ ድምፅ።

ይኸው፣ ተረቱ ጅራቱን ነከሰ። በቀቀኑ እንዲጮህ ፓፓያ መብላት አለበት፤ ፓፓያ እንዲበላ በቀቀኑ መጮህ አለበት። ጋሽ ዘርጋው ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ወደ ፓፓያው ልሂድ? ወደ መሰላሉ? ወደ ኩምሳ? የትም ቢሄድ መልሶ የሚያደርሰው እዚሁ ጋቢ ላይ ነው። ወፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ለቅሶውም ድምፅ አልነበረውም።

እትዬ ማንጠግቦሽ የጣለችውን ማማሰያ አንስታ ከደጃፉ ቆማለች።

"ለምን አንቺ አትጮኺልኝም?" አላት።

"እኔማ ቀኑን ሙሉ ስጮህ ነው የምውለው፤ ማን ይሰማኛል? ማንጠግቦሽ ከበቅሎዋ ጋር ተጣላች ብለው ይተኛሉ። ያንን ዜማ ለወፉ ማን አስተማረው? አንተ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? ደጃዝማች ሁን አላልኩህም፤ ነጋ በል ነው የምልህ!"

ጋሽ ዘርጋው ወፉን እንዳቀፈ ወደ ደጅ ወጣ። አፉን ከፈተ። "ነጋ" አለ። የሰማችው እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ናት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ነጋ" አለ። የበረቷ በቅሎ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ቁልቁል አየ። የአዋጅ አንገት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል።

"ነጋ!" አለ ጋሽ ዘርጋው። "ነጋ! ያልነቃ ይንቃ!"

ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ! ዛገ፣ ተሰነጠቀ፣ መሐል ላይ "ያል" ብሎ ተሰበረና "ነቃ" ብሎ ተቀጠለ። ዕድሜ ልኩን የታጠፈ ድምፅ አንድ ጊዜ ሲዘረጋ እንዲያ ነው። በየቤቱ ሰው ካልጋው ብድግ አለ። "ነግቷል!" አለ አንዱ። "አዋጅን ምን ነካው? ድምፁ ሻክሯል!" አለች ሌላዋ። "ጉንፋን ይዞታል፣ ምስኪን!" ተባባሉ።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ፤ እኔም መከተል አቃተኝ። ኩምሳ ሰማ፣ በሩ ተከፈተ፣ ፉርሽካው ወጣ፣ ኩምሳ ተሸክሞት ሮጠ፣ በቅሎዋ በላች፣ በቅሎዋ ተነሳች፣ መሰላሉ "እፎይ" አለ፣ መሰላሉ ቆመ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በተዛወረ ጫማዋ ወጣች፣ ፓፓያው ወረደ። ጋሽ ዘርጋው ፓፓያውን ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ በጣቱ አድቅቆ ከአዋጅ አፍ አጠገብ ያዘለት። አዋጅ ቆየ። ቆየና ቀመሰ። ቆየና ዋጠ። ከዚያ የጋሽ ዘርጋውን ጣት ጭምር ነከሰ።

"ነከሰኝ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ዘርጋው፤ ደስታው ወሰን አጣ። እትዬ ማንጠግቦሽም እንባዋን ማማሰያውን በያዘችበት እጇ ጠረገች፤ ፊቷ ሽሮ ሆነ።

ያዳነው ፓፓያው ይሁን፣ የጋቢው ሙቀት ይሁን፣ ወይስ ያ የዛገ ጩኸት፣ እኔ እንጃ፤ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። በማግስቱ ግን አዋጅ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ጋሽ ዘርጋው መስኮቱን ከፍቶ እንደ ልማዱ በጆሮው "ነጋ" አለው። አዋጅ ደረቱን ነፋ። "ነጋ! ነጋ! ያል..." አለ፤ ልክ ጌታው በተሰበረበት ቦታ ተሰብሮ። ቀጥሎ ዝም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ካልጋው ሆኖ ጠበቀ፣ ኩምሳም ቁልፉን ይዞ ጠበቀ፣ በቅሎዋም መሰላሉ ላይ ሆና ጠበቀች። አዋጅ አንገቱን አጣሞ ጋሽ ዘርጋውን አየው።

ጋሽ ዘርጋው ራሱን በመስኮት አወጣና የቀረውን ጨረሰው።

"ያልነቃ ይንቃ!"

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ለናንተ ይሁን፣ የኔን አፍ በፓፓያ አብሱልኝ።