በሸንበቆ ቆላ አውራ ፍየል የተመረጠ ጊዜ

ስለ ፍየል ጡትና ስለ ወጠጤ መኮላሸት በጽሑፍ ማውራት ነውር መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጨዋ አንባቢ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጨዋ ያልሆነውም ለጊዜው እንደ ጨዋ ሆኖ ያንብብልኝ። ነገሩን ያወረሱን ሽማግሌዎች እየሳቁ ነው የነገሩን። ምን እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የታላቅ ሰው ፍየል የተዋረደበት ታሪክ ያስለቅሳል እንጂ አያስቅም።

በሸንበቆ ቆላ ሰው የሚኖረው በፍየል ወተት ነበር። በየዓመቱ አንድ ወጠጤ ለዘር፣ አውራ እንዲሆን ይመረጣል፤ የቀሩት ተኮላሽተው ሙክት ይሆናሉ። መራጩ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ አምባቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከገዛ በረታቸው ውጭ ፍየል አይታያቸውም። ወተቱ ዓመት በዓመት እያነሰ ሄዶ ቅል የሚሞላ ፍየል ብርቅ ሆነ። በዚያ ዓመት መብረቅ የሚባል ባለ ግዙፍ ቀንድ ወጠጤ ፊታውራሪ አቀረቡ።

ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ደጊቱም አንድ ወጠጤ ነበራት። እናቱ ከመንደሩ ፍየል ሁሉ በወተት የምትበልጥ ናት፤ ዛሬም ትታለባለች፤ ግን አርጅታለች፣ ከእንግዲህ አትወልድም።

"አያ ቸኮለ፣ ይኸ ከተኮላሸ የዚች ፍየል ዘር አለቀ። መቼም አፍህ አስቀይሞ አያውቅም አልልህም፤ ዛሬ እንኳ ይጥቀመን" ብላ ጎረቤቷን ለመነችው። አያ ቸኮለ በምላሱ ምክንያት ሰርግ የማይጠራ ሰው ነበር።

መብረቅን ፊታውራሪ አደባባይ አስወጥተው "እንዲህ ያለ ቀንድ የት አይታችኋል?" ቢሉ ሰዉ "የትም" አለ። አያ ቸኮለ የወተት ቅሉን ይዞ ወጣና ከቀንዱ ሥር ደግኖ ቆመ። ፀሐይዋ ከረረች፤ ቅሉን አላወረደም።

"አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አሉ ፊታውራሪ።

«ሲወርድ እንዳይፈስብኝ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪ በዚህ ተቆጥተው በማግስቱ ትውልድ ቆጣሪ አስጠሩ። ሰውየው "መብረቅ የነጎድጓድ ልጅ፣ ነጎድጓድ የደምስስ ልጅ፣ ደምስስ የአጥብቅ ልጅ" እያለ ወንድ በወንድ ላይ ሲደረድር ዋለ። አያ ቸኮለ እጅ ነሥቶ "እናትየዋስ ማን ትባላለች?" ብሎ ጠየቀ።

"የፍየል እናት ማን ይቆጥራል? እናት የሚባል ነገር የለበትም" አሉ ፊታውራሪ።

«እንዲህ ከሆነማ አልተወለደም፤ ተሹሞ ነው የመጣው።»

ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር በስስቱ የታወቀው አቶ ጥጋቡ ቀን ወጣልኝ አለ። አጥንቱ የሚቆጠር ወጠጤውን እየጎተተ መጥቶ "የእኔ ይመረጥ! አይበላም፣ አይጠጣም፣ ወጪ የለበትም" አለ።

«እሱንማ የእኔ ይበልጠዋል» አለ አያ ቸኮለ። «አምና ሞቶ እስከ ዛሬ አንዲት ቅጠል አልነካም።»

በመጨረሻ ፊታውራሪ ነገሩን በሕግ ለመጨረስ የሚስታቸውን ወንድም፣ ዳኛውን፣ ከሩቅ አስመጡ። አኮላሹም መሣሪያውን ይዞ ከጎናቸው ተቀመጠ። ወይዘሮ ደጊቱም ወጠጤዋን ከመብረቅ ጋር እንዲዳኝ አቀረበች። ዳኛው ወይዘሮ ደጊቱን "ፍርድ እስኪሰጥ ለወጠጤሽ ዋስ ጥሪ" አሏት። ፊታውራሪን ፈርቶ ማንም አልተነሣም፤ አያ ቸኮለ ተነሣ።

"ዋስ የሆንከው አውቀህ ነው?" አሉ ዳኛው። "ወጠጤው ቢጠፋ ለእሱ የተፈረደው በአንተ ላይ ይፈጸማል።"

አያ ቸኮለ አኮላሹን አየ። ከዚያ የወጠጤውን ገመድ ክንዱ ላይ ጠመጠመና ሄዶ እመሬት ቁጭ አለ።

«እንግዲያው አደራ፣ ወጠጤውን ማንም እንዳያስደነግጥብኝ።»

ዳኛው በበቅሎ ሲመጡ ፀሐይ መትቷቸው ነበርና ከፍርዱ በፊት የሚጠጣ ጠየቁ። ወይዘሮ ደጊቱ ከወጠጤዋ እናት የታለበውን በቅል ሙሉ አቀረበች። አያ ቸኮለ ደግሞ የፊታውራሪን እረኛ ለምኖ የመብረቅን እናት አሳልቦ ኖሮ፣ ያንን የፊታውራሪ ወተት ነው ብሎ በሚያምር ዋንጫ አቀረበ። ዳኛው ስለ ዝምድናው ብለው መጀመሪያ ዋንጫውን አነሡ። አዘነበሉት። ጨርሰው ገለበጡት። ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ይኸ ባዶ አይደለም እንዴ?" አሉ።

«ኧረ ባዶ አይደለም ጌታዬ፤ ክብር ነው የተሞላው። ይጠጡት።»

ዳኛው ዋንጫውን አስቀምጠው ቅሉን አነሡ። እስኪጨርሱ አልተነፈሱም። ጢማቸውን ጠረጉና ፊታውራሪን ሳያዩ "የደጊቱ አውራ ይሁን፤ መብረቅ ይኮላሽ" ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ ደጊቱ እልል ልትል ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

መብረቅ ወደ አኮላሹ ሲጎተት ፊታውራሪ እያዩ እንባ በዓይናቸው ሞላ። እዚህ ላይ እኔም ሁልጊዜ አዝናለሁ።

"ያ ሁሉ ቀንድ! ያ ሁሉ ዘር! በል እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ምላሰኛ፤ ከእንግዲህ ምን ሆኖ ሊኖር ነው?"

«ምን ይሆናል ጌታዬ፤ እንደ መኳንንቱ ምንም ሳይሠራ እየበላ ይኖራል።»

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት፤ በተለይ ማዕድ ላይ ለተቀመጠ ሰው።